የቬሲክል ፕሮቶን ፓምፕ ሴክሬሽንን ይገፋል ወይስ ያዘጋጃል? የሐዋሳው ክር እንዴት እንደሄደ

ክሩን፣ ማለትም በኢንተርኔት መድረክ ላይ የተደረገውን ተከታታይ ውይይት፣ የከፈተው «አላሙራ» በሚል ስም የሚጽፍ የሐዋሳ የባዮሎጂ መምህር ነው። የመጣው በጥያቄ መልክ ቢሆንም አቋም ይዞ ነበር። ሆርሞን ወይም የነርቭ መልእክተኛ የያዘ ቬሲክል (በሴል ውስጥ ያለ ትንሽ ከረጢት) ሁሉ ሽፋኑ፣ ማለትም ሜምብሬኑ ላይ ፕሮቶን ወደ ውስጥ የሚያስገባ ፓምፕ አለው፤ ውስጡ አሲድ ነው፤ ይዘቱን ወደ ውጭ የሚገፋውም የዚህ አሲድ ግፊት ነው፤ ፓምፑ ከቆመ ሴክሬሽን (ይዘቱን ከሴሉ የማውጣቱ ሥራ) ይቆማል አለ። ከዚያ ተነስቶ፣ ለጨጓራው ኦሜፕራዞል የሚወስድ ሰው ኢንሱሊኑና አድሬናሊኑ መቀነስ የለበትም ወይ ብሎ ጠየቀ። ስህተቱ የሚጠቅም ዓይነት ስህተት ነው፤ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሦስት የተለያዩ ጉዳዮች ተጠላልፈዋል። ክሩ እነሱን ለመፍታት ሃያ ሦስት መልስ ፈጀ።

መልስ 1። «ፒያሳ» የተባለ ፋርማሲስት በትህትና ጀመረ። ጨጓራ ውስጥ ያለው ፓምፕና ቬሲክል ላይ ያለው ፓምፕ በስም ቢመሳሰሉም ሁለት የተለያዩ ማሽኖች መሆናቸውን አስረዳ። የጨጓራው ሃይድሮጅንን አውጥቶ ፖታሲየምን የሚያስገባ፣ ሲሠራ ራሱ ፎስፌት የሚለጠፍበት የፒ ዓይነት ፓምፕ ነው። የቬሲክሉ ቪ-ኤቲፒኤዝ ነው፤ የሚሽከረከር ትልቅ ውቅር። ኦሜፕራዞል ሲዋጥ ገና መድኃኒት አይደለም። ፒኬኤው (ፕሮቶን መያዝ የሚጀምርበት የአሲድ ደረጃ) 4 ገደማ ስለሆነ የሚከማቸው በጣም አሲድ በሆነ ቦታ፣ ማለትም በጨጓራው አሲድ አመንጪ ሴል ቦይ ውስጥ ብቻ ነው። እዚያ ቅርጹን ይለውጥና ፓምፑ ላይ ያለ ሲስቲን 813 የሚባል አሚኖ አሲድ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። የኢንሱሊን ግራኑል (ሆርሞኑ የሚከማችበት ቬሲክል) ፒኤች ወደ 5.5 ነው፤ ለዚህ መድኃኒት መነሻ የሚሆን አሲድ አይደለም። ስለዚህ ሰው በሚወስደው መጠን የቬሲክሉን ፓምፕ አይነካውም።

መልስ 2 ከርዕሱ ወጣ፤ ካፕሱሉን ከፍቶ መፍጨት ይቻል እንደሆነ ጠየቀ። መልስ 3 ላይ ፒያሳ ተመለሰና ፍሬዎቹ የተለበጡት የጨጓራ አሲድ ቀድሞ እንዳያበላሻቸው ስለሆነ መፈጨትም መታኘክም እንደሌለባቸው፣ ከምግብ በፊት ከ30 እስከ 60 ደቂቃ መወሰድ እንዳለባቸው ነገረው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ መድኃኒቱ የሚይዘው እየሠራ ያለ ፓምፕን ነው፤ ፓምፑን ደግሞ ወደ ሥራ የሚያወጣው ምግብ ነው። ደም ውስጥ የሚቆየው ለአጭር ሰዓት ቢሆንም ውጤቱ ቀኑን ሙሉ የሚዘልቀው የተያዘው ፓምፕ ስለማይለቀቅ ነው።

መልስ 4 የክሩ ምሰሶ ነው። «ታቦር» የሚባለው ጸሐፊ የሴል ፊዚዮሎጂ ሰው መሆኑ ከአጻጻፉ ያስታውቃል። ጥያቄውን ሦስት ቦታ ከፈለው፤ ቬሲክሉን መሙላት፣ መዘጋጀቱን ማሳወቅ፣ ከሴሉ ሜምብሬን ጋር መዋሃድ። ፓምፑ በመጀመሪያው ላይ ያለ ጥርጥር አለበት፣ በሁለተኛው ላይ ማስረጃ እየተጠራቀመ ነው፣ በሦስተኛው ላይ ክርክር አለ። ከዚያ ወደ ዝርዝሩ ገባ። ቪ-ኤቲፒኤዝ ሁለት ክፍል አለው። ቪ1 በሴሉ ፈሳሽ በኩል ሆኖ ኤቲፒ የተባለውን የሴሉን የጉልበት ሞለኪውል ይሰብራል፤ ቪዜሮ ሜምብሬኑ ውስጥ ተቀብሮ ፕሮቶን ያሳልፋል። ሦስት ኤቲፒ ሲሰበር ቀለበቱ አንድ ዙር ይዞራል፣ በዚያ ዙር ወደ አሥር ፕሮቶን ይገባል። አድሬናሊንን፣ ዶፓሚንንና ሴሮቶኒንን የሚጭነው ቪማት የተባለው አጓጓዥ ግን ኤቲፒ አይነካም። ሁለት ፕሮቶን ያስወጣና አንድ ሞለኪውል ያስገባል። በዚህ ስሌት ለአንድ አድሬናሊን የሚወጣው 0.6 ኤቲፒ ነው። የውስጡ ፒኤች 5.5፣ የውጭው 7.2 ሆኖ የሜምብሬኑ ቮልቴጅ 60 ሚሊቮልት ቢሆን ውስጡ ከውጭው ከ10,000 እጥፍ በላይ ሊከማች ይችላል። በአድሬናል ዕጢ ግራኑሎች ውስጥ ክምችቱ ግማሽ ሞላር አካባቢ የሚደርሰውም ለዚህ ነው።

በመጨረሻ ያከላት አንዲት ነጥብ ግን ብዙዎች የሚዘሏት ናት። ፓምፑ ብቻውን ቢሠራ የሚገነባው መጀመሪያ ቮልቴጅ ነው እንጂ አሲድ አይደለም። ጥቂት ፕሮቶን እንደገባ ውስጡ ፖዘቲቭ ይሆንና ቀጣዩን ይመልሳል። ክሎራይድ ተከትሎ ሲገባ ቮልቴጁ ይረግባል፣ ፒኤቹ ይወርዳል። ስለዚህ ጫኙ ማን እንደሆነ ማወቅ ግድ ነው። ግሉታሜትን የሚጭነው በዋናነት በቮልቴጅ፣ አሴቲልኮሊንንና አድሬናሊንን የሚጭኑት በዋናነት በፒኤች ልዩነት፣ ጋባ የተባለውን የነርቭ መልእክተኛ የሚጭነው በሁለቱም ነው። ቬሲክል ለይቶ አውጥቶ የሚሠራ ሰው ባፈሩ (ፒኤችን የሚያጸናው ፈሳሽ) ውስጥ ክሎራይዱን ወደ 4 ሚሊሞላር ካደረገው የግሉታሜት ጭነት ይጠነክራል፤ ከ100 በላይ ካደረገው አሲዱ ይበረታል፣ የግሉታሜቱ ጭነት ይዳከማል። ፓምፑ አልሠራም ብለው የሚደመድሙ ብዙዎች የተሳሳቱት ክሎራይዱ ላይ ነው።

መልስ 5 ከአዳማ ነው፣ «ሶደሬ» በሚል ስም። አጭር ስሌት ብቻ ጣለ። የነርቭ ቬሲክል የውስጥ ስፋት 30 ናኖሜትር ቢሆን ይዘቱ በሊትር 1.4 ሲባዛ በ10 ኃይል ኔጌቲቭ 20 ይሆናል። በፒኤች 5.5 በዚያ ውስጥ የሚኖረው ነጻ ፕሮቶን 0.03 ገደማ ነው። አንድ እንኳ አይሞላም! የአሲድ ግፊት የሚባለው ነገር ከየት ይመጣል ሲል አላሙራን ወጋ አደረገው።

መልስ 6 ደነገጠ፤ አንድ ፕሮቶን ከሌለ ፒኤች 5.5 ማለት ምን ማለት ነው አለ። መልስ 7 ላይ ታቦር አረጋጋው። ቁጥሩ በጊዜ አማካይ ነው። ፕሮቶኖቹ አብዛኛውን ጊዜ ፕሮቲኖችና ሊፒዶች ላይ ተቀምጠዋል፣ አልፎ አልፎ ይለቀቃሉ፣ ወዲያው ይመለሳሉ። ፓምፑ የሚያስገባው በመቶና በሺህ የሚቆጠር ፕሮቶን ነው፤ ነጻ ሆኖ የሚታየው ግን ከዚያ ቅንጣቱ ነው። የሶደሬ ስሌት ትክክል ነው፤ የሚያፈርሰው ግን የግፊትን ሐሳብ እንጂ የፒኤችን አይደለም። ይህች ልዩነት በክሩ ውስጥ ከተጻፉት ሁሉ የተሻለችው ትመስለኛለች።

መልስ 8 ኢንሱሊንን ይዞ መጣ፤ የጻፈችው «አቶቴ» ናት። ፕሮኢንሱሊን ወደ ግራኑል የሚገባው ሳይቆረጥ ነው። የሚቆርጡት ኢንዛይሞች በገለልተኛ ፒኤች ሰነፎች ናቸው፣ ወደ 5.5 ሲወርድ ነው የሚነቁት። መንገዱንም በቁጥር አስቀመጠችው። ኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለም ላይ 7.2፣ የጎልጂ መግቢያ ላይ 6.7፣ የጎልጂ መውጫ ላይ 6.0፣ የበሰለ ግራኑል ውስጥ ከ5.2 እስከ 5.7። የተቆረጠው ኢንሱሊን ስድስት ስድስት ሆኖ በዚንክ ይያያዝና ይረጋል፤ በዚያ ፒኤች ስለማይሟሟ ግራኑሉ ውስጥ ክሪስታል ሆኖ ይቀመጣል። ግራኑሉ ሲከፈት ከደሙ 7.4 ጋር ሲገናኝ ይሟሟል። እንግዲህ አሲዱ ይዘቱን አይገፋም፤ እንዲያውም አስሮ ያስቀምጠዋል።

መልስ 9 ላይ አላሙራ ተመለሰ፣ አልተረታም። ባፊሎማይሲን የሚባለው የቪ-ኤቲፒኤዝ ማገጃ ሲጨመር የነርቭ መልእክት እንደሚዳከም በመማሪያ መጻሕፍት ተጽፏል፤ ይህ ፓምፑ ሴክሬሽንን እንደሚነዳ ካላሳየ ምን ሊያሳይ ነው አለ።

እዚህ ላይ ድምፁ መለወጥ ጀመረ። መልስ 10 ላይ ታቦር፣ ጥያቄው ባዶ የወጣና ያልወጣ ቬሲክልን ካለመለየት የመጣ ነው ብሎ ጠንከር አለ። ማስረጃውም ከዚያው ከባፊሎማይሲን ነው። ቬሲክል ሲከፈት የሚያበራ ፒኤችሉዎሪን የሚባል ፕሮቲን አለ፤ ይፋ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። አሲድ ውስጥ ይጠፋል፣ ከውጭው 7.4 ጋር ሲገናኝ ይበራል። ሥራው ላይ ያሉ ሰዎች ሆን ብለው ባፊሎማይሲን ይጨምራሉ። ያን ጊዜ ተከፍቶ የተመለሰው ቬሲክል እንደገና አሲድ ስለማይሆን ብርሃኑ አይጠፋም፣ የተከፈቱትም ሁሉ ተደምረው ይታያሉ። ፓምፑ መቆሙ ውህደቱን ቢያቆመው ኖሮ ይህ ዘዴ ባልኖረ ነበር። የነርቭ መልእክቱ የሚዳከመው ቬሲክሎቹ ባዶ እየወጡ ስለሆነ ነው።

መልስ 11 አንድ አንቀጽ ብቻ ነው። ሚኒባሱን የሚሞላው ረዳቱ ነው፣ የሚያስነሳው ግን ሾፌሩ ነው፤ ፓምፑ ረዳት፣ ካልሲየም ሾፌር ነው ይላል። ብዙ ሰው ወደደው። ታቦር ግን ካልሲየም ሲናፕቶታግሚንን ይዞ ስኔር በሚባሉት ፕሮቲኖች አማካይነት ውህደቱን ከአንድ ሚሊሰከንድ ባነሰ ጊዜ እንደሚያስነሳ ጨምሮ፣ ምሳሌውን ከዚያ በላይ እንዳትጎትቱት አለ።

መልስ 12 የአላሙራን አቋም በሌላ አቅጣጫ ነካው። በእኔ ግምት የክሩ ጠንካራ ማስረጃ ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 በታተመ ሥራ፣ ኤሲቲኤች የተባለውን ሆርሞን በሚያመነጩ የአይጥ ፒቱታሪ ዕጢ ሴሎች ላይ ክሎሮኪን ተጨመረ። ክሎሮኪን ደካማ ቤዝ ነው፤ የኤሌክትሪክ ቻርጅ ሳይዝ ሜምብሬን ያልፋል፣ አሲዱ ውስጥ ፕሮቶን ይይዝና መውጫ ያጣል፣ ፒኤቹንም ከፍ ያደርጋል። ሴክሬሽኑ ግን አልቆመም። ሆርሞኑ ወደ ማከማቻው ግራኑል መግባት ትቶ ያለ ምልክት እንደተሠራ መውጣት ጀመረ። የጠፋው መውጣቱ ሳይሆን መጠበቁ ነው። መልስ 12ን የጻፈችው ይህ ክሎሮኪን እዚህ ለቫይቫክስ ወባ ከፕሪማኪን ጋር የሚሰጠው ያው መድኃኒት መሆኑን፣ በጥገኛ ተውሳኩ የምግብ ከረጢት ውስጥም በዚሁ መንገድ እንደሚጠራቀም አስታወሰች። ሁለት ፕሮቶን መያዝ ስለሚችል የፒኤች ልዩነቱ 2 ቢሆን በሒሳብ 10,000 እጥፍ ሊከማች ይችላል።

መልስ 13 ለአላሙራ ፍትሕ ሰጠ። የጻፈው ሶደሬ ነው፣ አሁን ለስለስ ብሎ። አላሙራ ያለው ነገር ቃል በቃል ትክክል የሚሆንባቸው ሴሎች አሉ፤ የሚወጣው ነገር ራሱ ፕሮቶን ሲሆን። የጨጓራው ሴል ሲያርፍ ፓምፖቹን ሴሉ ውስጥ ባሉ ቬሲክሎች ይዟቸዋል። ሂስታሚን፣ ጋስትሪን ወይም አሴቲልኮሊን ሲመጣ ቬሲክሎቹ ከላይኛው ሜምብሬን ጋር ይዋሃዳሉ፣ ፓምፖቹ ተሰልፈው ይሠራሉ። ኩላሊት ውስጥ አሲድ የሚያስወጡት ሴሎችም ቪ-ኤቲፒኤዝን በዚሁ መንገድ ያወጣሉ። ከፓምፑ ጂኖች አንዱ ሲበላሽ አሲዱ በሽንት አይወጣም፤ አንዳንዶቹ ሕጻናት የመስማት ችግርም ያገኛቸዋል። አጥንት የሚቆረቁረው ኦስቲዮክላስትም አጥንቱ ላይ አሲድ የሚያፈሰው በዚሁ ፓምፕ ነው። ያ ዓይነት ሲጎድል አጥንት እንደ ድንጋይ ይጠጥራል።

ከዚያ ሒሳቡን አስከተለ። ሴል ውስጥ ከአንድ ሞል ኤቲፒ 55 ኪሎጁል ቢገኝ፣ አንድ የፒኤች ደረጃ ለመውጣት አንድ ሞል ፕሮቶን 5.9 ኪሎጁል ይፈልጋል። ቪ-ኤቲፒኤዝ በአንድ ኤቲፒ 3.3 ፕሮቶን ስለሚያንቀሳቅስ ቢበዛ 2.8 ደረጃ ይወርዳል፤ ከ7.2 ተነስቶ 4.4፣ ይኸውም የላይሶዞም (የሴሉ የመፍጫ ከረጢት) ፒኤች ነው ማለት ይቻላል። ጨጓራ ፒኤች 1 ለመድረስ ከ6 ደረጃ በላይ ይፈልጋል። ስለዚህ በአንድ ኤቲፒ አንድ ፕሮቶን ብቻ የሚያወጣ ሌላ ፓምፕ ያስፈልገዋል፤ ሁለት ቢያወጣ ጉልበቱ አይበቃም። አንዱ ወዲያው ሎሚስ እንዴት 2.5 ገደማ ደረሰ ብሎ ጠየቀ። አቶቴ በጎን፣ የሎሚ ቫክዮል (በሴሉ ውስጥ ያለው ትልቅ ከረጢት) ለዚያ የሚጠቀመው ከቪ-ኤቲፒኤዙ በተጨማሪ የፒ ዓይነት ፓምፖችን ነው ብላ ዘጋችው።

መልስ 14 እና 15 ወደ ሦስተኛው ጉዳይ ገቡ፣ ጭቅጭቁም እዚያ ፈነዳ። 14ኛው፣ ቪዜሮ ራሱ ውህደቱ ላይ እንደሚሳተፍ ያለቀለት ነገር አድርጎ አቀረበ። እ.ኤ.አ. በ2001 በእርሾ ቫክዮል ላይ፣ በ2005 በዝንብ ነርቭ ላይ የወጡ ሥራዎችን ጠቀሰ። በዝንቧ ላይ የቪዜሮ ትልቁ ክፍል ሲጎድል ቬሲክሎች ተሰልፈው ቆሙ፣ አልወጡም። 15ኛው ሳያስታምም ገጠመው። ግማሹን ታሪክ ብቻ አንብበህ ነው የመጣኸው አለው። በ2013 የወጣ የእርሾ ሥራ ፓምፑን አጥፍቶ በቦታው ከእጽዋት የተወሰደ፣ ቪዜሮ የሌለው ሌላ ፕሮቶን ፓምፕ ተክቷል። ቫክዮሉ አሲድ ሆነ፣ ውህደቱም ተመለሰ። ስለዚህ ቢያንስ በእርሾ ላይ የሚፈለገው አሲዱ ነው እንጂ የቪዜሮ አካል አይደለም። 14ኛው ተሳዳቢ ብሎ መለሰ፣ ሌላውም ዲግሪህን አሳየን ማለት ጀመረ። መልስ 16 ላይ አወያዩ ገብቶ ሁለት ጽሑፍ ሰረዘ፤ ስለ ሰው ሳይሆን ስለ ቬሲክል ጻፉ አለ።

መልስ 17 ታቦር ነው፤ የቀረውን እሳት ያጠፋው እሱ ነው። ሁለቱም ያመጡት እውነት ነው፣ እርሾ ግን ነርቭ አይደለም። በነርቭና በአድሬናል ሴሎች ላይ እየተነገረ ያለው ሌላ ነው፤ ቬሲክሉ ሞልቶ አሲዱ ሲበቃ ቪ1 ከቪዜሮ ይላቀቃል፣ ራቁቱን የቀረው ቪዜሮም ይህ ቬሲክል ዝግጁ ነው የሚል ምልክት ሊሆን ይችላል። ይህ ሁለተኛው ጉዳይ ነው፣ መግፋት አይደለም። በአንድ ነርቭ ቬሲክል ላይ በአማካይ የሚገኘው ፓምፕ አንድ ወይም ሁለት መሆኑን፣ በ2022 በነጠላ ቬሲክል ላይ የተደረገ ልኬትም ፓምፑ ለረጅም ጊዜ እየቆመ፣ አንዳንዴም ፕሮቶን እያፈሰሰ እንደሚቀያየር ማሳየቱን ጨመረ። አንድ ፓምፕ ብቻ ያለው ቬሲክል ፓምፑ ሲቆም ሙሉ በሙሉ መቆሙ ነው፤ የሙላቱ መጠን ከቬሲክል ቬሲክል መለያየቱ አይገርምም።

መልስ 18 ክሩን ወደ ጫት ወሰደው። ሐዋሳ ነውና ይጠበቃል። የጫቱ አነቃቂ ንጥረ ነገር ካቲኖን ቬሲክሉን ያፈሳል ወይ ነው ጥያቄው። ፒያሳ ባጭሩ መለሰ። አምፌታሚን ደካማ ቤዝ ስለሆነ የቬሲክሉን የፒኤች ልዩነት እንደሚያፈርስ እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ ታይቷል። የካቲኖን ዋና ሥራ ግን በሴሉ ሜምብሬን ላይ ያለውን የዶፓሚን አጓጓዥ ወደ ኋላ ማስኬድ ነው፤ ይህ ካልሲየምም ውህደትም አይጠይቅም። ሦስት ሰው ስለ ቅጠሉ ዋጋ ሊያወራ ሲል አወያዩ ቆረጠው።

መልስ 19 የላቦራቶሪ ሰው ነው፤ ስለ ኦሜፕራዞል የተረሳ ነገር አነሳ። መድኃኒቱ ቬሲክሉን ባይነካም የቬሲክል ምርመራን ያሳስታል። የጨጓራ አሲድ ሲቀንስ ጋስትሪን ይጨምራል፤ ጋስትሪን ሂስታሚን አመንጪ ሴሎችን ያበረታል፤ ከግራኑሎቻቸው የሚወጣው ክሮሞግራኒን ኤ የተባለ ፕሮቲን ደም ውስጥ ከፍ ይላል። የኒውሮኢንዶክራይን ዕጢ ምርመራ የታዘዘለት ሰው ሐኪሙ ከፈቀደ መድኃኒቱን ሁለት ሳምንት ያህል አቁሞ ነው ደም የሚሰጠው። አላሙራ ምስጋና ጻፈ፣ ቀጥሎም ተማሪዎቹ በእጃቸው ሊያዩት የሚችሉት ነገር ካለ ጠየቀ።

መልስ 20 ባፊሎማይሲን እንዳይሞክር መከረው። የሚሸጠው በማይክሮግራም ነው፣ ውድ ነው። ዲኤምኤስኦ በተባለ ማሟሚያ 100 ማይክሮሞላር ተሟሙቶ፣ በትንሽ በትንሹ ተከፋፍሎ፣ በኔጌቲቭ 20 ዲግሪ ከብርሃን ተሰውሮ መቀመጥ አለበት፤ ሲሠራበት አንድ ሺህ ጊዜ ቀጥኖ 100 ናኖሞላር ይሆናል። መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ቀልጦ የሚረጋ ማቀዝቀዣ ውስጥ ዕድሜ የለውም። ከዚያ ይልቅ የዳቦ እርሾና ኒውትራል ሬድ የተባለው ቀለም ይበቃሉ አለ። 1 ግራም ደረቅ እርሾ፣ 2 በመቶ ግሉኮስ ባለው 20 ሚሊ ውሃ ውስጥ በ30 ዲግሪ ግማሽ ሰዓት፤ ማጠብ፤ 2 በመቶ ግሉኮስ ባለው ፒኤች 7.5 የፎስፌት ባፈር ውስጥ መልሶ መበጥበጥ፤ ከ0.1 በመቶ ቀለም አንድ እጅ ለዘጠኝ እጅ እርሾ፤ አሥር ደቂቃ ቆይቶ በ400 እጥፍ ማየት። ቫክዮሉ ቀይ ሆኖ ይለያል፣ ዙሪያው ንጹሕ ይሆናል። ማነጻጸሪያው አምስት ደቂቃ የተቀቀለ እርሾ ነው፤ የሞተው ሴል ሁለመናው ይቀላል።

መልስ 21 ላይ አቶቴ፣ ግሉኮስ የሌለውን ቱቦ ማነጻጸሪያ ለማድረግ ያሰበ ካለ ቀድሞ ይተወው አለች። እርሾ ትሬሃሎዝና ግላይኮጅን ስለሚያከማች ስኳር ባይሰጠውም ኤቲፒ ይሠራል፣ ቫክዮሉም ይቀላል፤ ተማሪው ፓምፑ ጉልበት አይፈልግም ብሎ ይደመድማል። ቀለሙ ጭራሽ ካልገባ መጀመሪያ የሚፈተሸው የውጭው ፒኤች ነው። እርሾ ስኳር ሲበላ ውሃውን አሲድ ያደርገዋል፤ ባፈሩ ቀጭን ከሆነ ፒኤቹ ይወርዳል፣ ቀለሙ ውጭ ሳለ ፕሮቶን ይይዝና ሜምብሬኑን ማለፍ ያቅተዋል። ፎስፌቱ ከ50 ሚሊሞላር ባያንስ ይመረጣል።

መልስ 22 የውሃውን ጉዳይ አነሳ። የስምጥ ሸለቆ ጉድጓድ ውሃ ባይካርቦኔት የበዛበት ስለሆነ ባፈሩ በቧንቧ ውሃ ከተሠራ ፒኤቹ እየሸሸ ያስቸግራል፤ ዲስቲልድ ውሃ ካልተገኘ የባትሪ ውሃ ይሻላል፣ ግን አሲድ የተጨመረበት አለመሆኑ በፒኤች ወረቀት ይታይ።

መልስ 23 የታቦር ነው። ተማሪዎቹ ሪፖርቱ ላይ ቫክዮሉ አሲድ መሆኑን ብቻ ይጻፉ፤ ይህ ሙከራ ስለ ሴክሬሽን አንድም ነገር አይናገርም። ሴክሬሽን ማሳየት ከተፈለገ ያው እርሾ ወደ ውጭ የሚያወጣውን ኢንቨርቴዝ (ሱክሮስን የሚሰብር ኢንዛይም) መለካት ነው። ሴሎቹን ሳይፈጩ ሱክሮስ መስጠት፣ ግሉኮስን የሚያሳየውን የቤኔዲክት መፈተሻ ጨምሮ ማሞቅ፣ ቀለሙ ከሰማያዊ ወደ ጡብ ሲለወጥ ማየት። ግን የመጀመሪያው ግሉኮስ በደንብ ካልታጠበ ቤኔዲክቱ ያለ ኢንቨርቴዝም ይቀላል፤ ሱክሮስ ያልተሰጠው ቱቦ ጎን ለጎን ይኑር።